1400 ድንጋይና አራት መለኪያ፦ የሞገድ ቦይ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

የሙከራ ቦዩን ዛሬ ተረከብኩ። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲሜትር ሲሆን አንዱ ጎኑ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። በአንዱ ጫፍ በፒስተን የሚገፋ ሞገድ ፈጣሪ ሰሌዳ አለ፤ ከእሱ 16 ሜትር ርቀት ላይ የእኔ ሞገድ ሰባሪ፣ ማለትም ወደብን ከማዕበል የሚከላከል ግንብ ትንሽ ሞዴል፣ ይሠራል። የማስተርስ መመረቂያዬ ጥያቄ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፦ በድንጋይ ክምር የተሠራ ሞገድ ሰባሪ አስቀድሞ በትንንሽ ማዕበሎች ከተመታ በኋላ ትልቁ ማዕበል ቢመጣበት፣ ምንም ሳይነካው ትልቁ ማዕበል ከደረሰበት ይልቅ ይበልጥ ይጎዳል ወይስ ያነሰ?

ስኬሉ 1 ለ 40 እንዲሆን ከአማካሪዬ ጋር ተስማምተናል። የሞገድ ሞዴሎች በሚያንሱበት በፍሩድ ሕግ መሠረት ርዝመት በ40፣ ጊዜ በ40 ካሬ ሥር ማለትም በ6.32፣ ክብደት ደግሞ በ64,000 ይካፈላል። ስለዚህ በባሕር ላይ 4 ሜትር የሆነው ጉልህ የሞገድ ከፍታ (የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ሞገዶች አማካይ) በቦዩ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር፣ 10 ሰከንድ የሆነው ፔሪየድ (አንድ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ) 1.58 ሰከንድ፣ 16 ሜትር የሆነው የውኃ ጥልቀት ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል።

በመደርደሪያው ላይ ካሉት አራት የሞገድ መለኪያዎች የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። አንድ የፋብሪካ መለኪያ ከነማጉያው በሚገዛበት ገንዘብ የአራት መለኪያ ዕቃ ተገዝቶ እንደሚተርፍ ስላሰላሁ ራሴ ልሠራቸው ወሰንኩ። ለዚህ የመደብኩት ጊዜ አንድ ሳምንት ነው።

ሳምንት 2 እና 3

አንድ ሳምንት አልበቃም።

የመለኪያው አሠራር የታወቀ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሽቦዎች በ12 ሚሊሜትር ልዩነት ትይዩ ሆነው ውኃ ውስጥ ይቆማሉ፤ ውኃው ከፍ ሲል የጠለቀው የሽቦ ክፍል ስለሚረዝም በሁለቱ መካከል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይጨምራል። እኔ የሠራሁት ስሕተት በሽቦዎቹ መካከል ቀጥታ 5 ቮልት መልቀቄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ንባብ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ውኃው ፍጹም ረግቶ ሳለ ንባቡ ቀስ በቀስ ይወርድ ጀመር፤ እኔም ችግሩ ከሶፍትዌሩ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ኮዱን ስፈትሽ ዋልኩ። የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ከሰዓት በኋላ መጥተው ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ካዩ በኋላ፣ «ሽቦው ላይ ያለውን አረፋ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። በአንደኛው ሽቦ ላይ የስፒል ጫፍ የሚያክሉ አረፋዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ነበር፤ የሠራሁት መለኪያ ሳይሆን ውኃን ወደ ጋዝ የሚከፍል መሣሪያ ነበር።

ማይክሮኮንትሮለሩ የቮልቴጁን አቅጣጫ በሰከንድ 2000 ጊዜ እንዲቀያይር አደረግኩ፤ የሚመለሰው ምልክት በማጉያ፣ በሬክቲፋየርና በፊልተር በኩል አልፎ 16 ቢት ወዳለው አናሎግ ወደ ዲጂታል መቀየሪያ ቺፕ ይገባል። አረፋው ጠፋ፤ ንባቡም ረጋ። ከዚህ በተጨማሪ ሽቦዎቹን በታች በኩል የሚይዘውን የፕላስቲክ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው በጣም ወፍራም ስለነበር ሞገዱ ባለፈ ቁጥር መለኪያውን ያንቀጠቅጠው ነበር። እስካሁን የፈጀብኝ 61 ሰዓት ነው።

ሳምንት 4

ካሊብሬሽን፣ ማለትም የመለኪያውን ንባብ ከታወቀ የውኃ ከፍታ ጋር ማመሳከር፣ ጀመርኩ። መለኪያውን በረጋ ውኃ ውስጥ በየ2 ሴንቲሜትር ከፍና ዝቅ እያደረግኩ፣ ከ10 ሴንቲሜትር በታች እስከ 10 ሴንቲሜትር በላይ 11 ነጥብ እወስዳለሁ። መስመሩ እጅግ ቀጥ ያለ ሆኖ በመገኘቱ ደስ ብሎኝ ወደ ምሳ ሄድኩ።

ከምሳ በኋላ ያንኑ ካሊብሬሽን ስደግመው የመስመሩ ተዳፋት በ7 በመቶ ጨምሮ አገኘሁት። ያልነካሁት ዕቃ እንዴት ይቀየራል ብዬ እያንዳንዱን ብየዳ ፈተሽኩ። በመጨረሻ ቴርሞሜትር አስገባሁ፤ ጠዋት 17 ዲግሪ የነበረው ውኃ 20.5 ደርሷል። የውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ 3.5 ዲግሪ በትክክል 7 በመቶ ይሰጣል። ሌሊት ከቧንቧ የተሞላ ውኃ ቀኑን ሙሉ የክፍሉን ሙቀት እየወሰደ ይሞቃል ማለት ነው።

7 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በድንጋይ ተዳፋት ላይ የሚደርስ ጉዳት ከሞገድ ከፍታ ጋር የሚያድገው በአምስተኛ ኃይል ነው። የ1.07 አምስተኛ ኃይል 1.40 ነው፤ በመሆኑም በከፍታ ላይ የተሠራ የ7 በመቶ ስሕተት በምተነብየው ጉዳት ላይ የ40 በመቶ ስሕተት ይሆናል። ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ከሞኒተሩ በታች ለጠፍኩት። ከዛሬ ጀምሮ ካሊብሬሽን ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ይደረጋል፤ የውኃው ሙቀትም ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ይመዘገባል።

ሳምንት 5

ሁለት መለኪያዎች ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ኤሌክትሪክ በውኃው በኩል ይሰማል። ተራ በተራ እንዲሠሩ በማድረግ ተፈታ። እያንዳንዱ መለኪያ በሰከንድ 50 ጊዜ ያነባል፤ ለ1.58 ሰከንድ ሞገድ ይህ 79 ነጥብ ስለሆነ ከበቂ በላይ ነው።

ሳምንት 6 እና 7

ድንጋይ። የሞገድ ሰባሪው የላይኛው ንብርብር ተዳፋት 1 ለ 2 ነው። የድንጋዩን ክብደት ያሰላሁት በሃድሰን ቀመር ሲሆን፣ ቀመሩ ቪክስበርግ ሚሲሲፒ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ላቦራቶሪ በተደረጉ የቦይ ሙከራዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ሳይሰበር ለሚደርስ ሞገድ የመረጋጋት መለኪያውን 4፣ የድንጋዩን እፍግታ በሜትር ኩብ 2650 ኪሎግራም፣ የባሕሩን ውኃ ደግሞ 1025 አድርጌ ሳሰላ 5.3 ቶን ወጣ። ለ64,000 ሲካፈል 83 ግራም ነው። ከአምስት በርሜል የተፈጨ ድንጋይ ውስጥ ከ75 እስከ 91 ግራም ያሉትን እየመረጥኩ ለሦስት ቀናት በሚዛን አንድ በአንድ መዘንኩ። ለፊት ገጹ ብቻ 1100 ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ከአናቱና ከጀርባው ጋር 1400።

በአራተኛው ቀን በአጠገቤ የሚሠራ የዶክትሬት ተማሪ በርሜሉን አይቶ፣ «የቦዩ ውኃ ጨው አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የለውም። የባሕር ውኃ ከቧንቧ ውኃ ስለሚከብድ ድንጋይን ይበልጥ ያንሳፍፋል። በቦዩ ውስጥ ያለው ድንጋይ በቀላል ውኃ ውስጥ ስለተቀመጠ በአንጻራዊነት ከባሕሩ ድንጋይ ይልቅ የተረጋጋ ይሆናል፤ ያን ለማካካስ ማነስ አለበት። የሞገዱ ከፍታ ከድንጋዩ መጠንና ከአንጻራዊ እፍግታው ጋር ያለው ጥምርታ በሁለቱም ዘንድ 2.0 እንዲሆን ሳስተካክለው፣ የድንጋዩ አማካይ ልኬት ከ3.15 ወደ 3.03 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም ከ83 ወደ 74 ግራም ወረደ። የ4 በመቶ የልኬት ልዩነት ነው፤ በአምስተኛ ኃይል ሲታይ ግን ጉዳቱን በ22 በመቶ ያዛባል፤ ያውም ግንቡን ከሆነው በላይ ጠንካራ አስመስሎ በማሳየት፣ በምህንድስና ውስጥ አደገኛ በሆነው አቅጣጫ።

አዲሱ ክልል ከ66 እስከ 82 ግራም ነው። ከተመዘኑት ድንጋዮች ግማሽ ያህሉ ተረፉ፤ ለቀሩት ሌላ ሁለት ቀን ወጣ። ይህ ማረም በማንኛውም የፊዚካል ሞዴል (በእውነተኛ ውኃና ድንጋይ የሚሠራ አነስተኛ ሞዴል) መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ እኔም አንብቤው ነበር። ማንበቤ ግን ሚዛኑ ፊት ስቀመጥ አልረዳኝም።

ሳምንት 8

የውስጠኛውን ሙሌት ድንጋይ በ40 ብቻ ማካፈል አይቻልም፤ ቀዳዳዎቹ በጣም ስለሚጠቡ ውኃው በውስጣቸው ሲያልፍ የፍሰቱ ጠባይ ይቀየርና እምብርቱ ከእውነተኛው ይልቅ ውኃ የማያሳልፍ ይሆናል። ስለዚህ የሙሌቱን ጠጠር ከስኬሉ በላይ አተለቅኩት። ለላይኛው ንብርብር የፍሰቱን ጠባይ የሚያሳየውን ሬይኖልድስ ቁጥር ሳሰላው 30,000 ገደማ ስለሆነ እሱ ሊቀበሉት የሚቻል ነው።

ድንጋዮቹን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀብቼ በአግድም መስመር ደረደርኳቸው፤ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ በፎቶ ላይ ወዲያው እንዲታይ ነው። ቀለሙን ስስ አድርጌ መቀባት ነበረብኝ። የመጀመሪያዎቹ 200 ድንጋዮች ወፍራም ቀለም ጠጥተው እንደ ከረሜላ ስለተንሸራተቱ፣ በድንጋዮች መካከል ያለው ሰበቃ እንዳይቀንስ ፈርቼ ከጀርባው ተዳፋት ላይ አኖርኳቸው።

ሳምንት 9 እና 10

የመጀመሪያ ሞገድ። እውነቱን ለመናገር ከስምንት ሳምንት ሥራ በኋላ ሰሌዳው ተንቀሳቅሶ የመጀመሪያው ሞገድ በመስታወቱ በኩል ሲያልፍ ማየት የሚያስደስት ነገር ነበር። ለ10 ሴንቲሜትር መደበኛ ሞገድ በዚህ ጥልቀት የሰሌዳው ምት ወደ 11 ሴንቲሜትር መሆን እንዳለበት ቢዜል እ.ኤ.አ. በ1951 ካወጣው የሞገድ ፈጣሪ ቲዎሪ አስልቼ ነበር፤ የተለካውም ለዚያ ቅርብ ነበር።

ደስታው ከሰዓት በኋላ አለቀ። የሚመጣውን ሞገድ ከሚመለሰው ለይቼ ሳሰላ የነጸብራቅ መጠኑ 1.3 ሆኖ ወጣ። ይህ ማለት ድንጋዩ ከተቀበለው ሞገድ የሚበልጥ ሞገድ ይመልሳል ማለት ነው፤ አይቻልም። ከታተሙ ሙከራዎች የተገኘው የሲሊግና አሬንስ ቀመር ለዚህ ተዳፋትና ለዚህ ሞገድ 0.36 ገደማ ይሰጣል።

መጀመሪያ ኮዱን ጠረጠርኩ። በራሴ የፈጠርኩትን፣ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሰው ሠራሽ ምልክት ሳስገባለት ትክክለኛውን 0.40 መለሰ። ኮዱ ደህና ነው። ከዚያ ካሊብሬሽኑን ደገምኩ፤ ደህና ነው። የመለኪያዎቹን ቅደም ተከተል ቀያየርኩ፤ ውጤቱ 1.3 የነበረው 0.9፣ ከዚያ 1.7 ሆነ። ቁጥሩ እንደዚህ ሲዘል ችግሩ ከመሣሪያ ሳይሆን ከቀመሩ ውስጥ በዜሮ አጠገብ ከማካፈል የሚመጣ መሆኑን መጠርጠር ነበረብኝ፤ የጠረጠርኩት ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

መለኪያዎቹን ያሰርኩት በቦዩ አናት ላይ ባለው ሐዲድ ላይ ቀድሞ በተበሱ ቀዳዳዎች ላይ ነበር። ቀዳዳዎቹ በየ1.40 ሜትር ናቸው። በ40 ሴንቲሜትር ጥልቀት 1.58 ሰከንድ ፔሪየድ ያለው ሞገድ ርዝመቱ ሲሰላ 2.79 ሜትር ይመጣል። ግማሹ 1.395 ነው። በመካከላቸው ግማሽ የሞገድ ርዝመት ያለ ሁለት መለኪያዎች አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው በዚያው መጠን ወደ ታች ይላል እንጂ አዲስ መረጃ አይጨምርም። ቀመሩም ሁለት እኩልታ አለኝ ብሎ ሲያሰላ በእጁ ያለው አንድ እኩልታ ብቻ ነው። ከሁሉም የከፋውን ቦታ ማን መርጦ ሊሰጠኝ ይችል ነበር? ቀዳዳዎቹን የበሳው ሰው ለሌላ ሥራ ነበር የበሳቸው።

የጎዳና የሱዙኪ የሁለት መለኪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ርቀቱ ከሞገድ ርዝመቱ ከ0.05 እስከ 0.45 ባለው ውስጥ እንዲሆን ያዛል፤ የማንሳርድና ፉንኬ የ1980 የሦስት መለኪያ ዘዴ ደግሞ አንደኛውና ሁለተኛው መለኪያ የሞገድ ርዝመቱን አንድ አሥረኛ ያህል እንዲራራቁ፣ ሦስተኛውም ከአንድ ስድስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ባለው ክልል ውስጥ ሆኖ አንድ አምስተኛንና ሦስት አሥረኛን እንዲሸሽ ይመክራል። ስለዚህ 28 እና 70 ሴንቲሜትር መረጥኩ። ሐዲዱን አልበሳሁም፤ ቴክኒሺያኑ ከአሮጌ የካሜራ መቆሚያ የሚንሸራተት መያዣ ሠርተው ሰጡኝ። አዲሱ ውጤት 0.38 ነው፤ አራት ጊዜ ስደግመውም ከ0.37 እስከ 0.40 ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት የወጣው ወጪ በገንዘብ ሲታይ ሁለት ብሎን ነው።

ሳምንት 11

በስፔክትረሙ (የሞገዱ ጉልበት በየፔሪየዱ እንዴት እንደተከፋፈለ በሚያሳየው ግራፍ) ላይ ከሞገዶቹ በጣም ርቆ፣ 16 ሰከንድ ገደማ ላይ አንድ ትንሽ ጉብታ አለ። ሞገድ ፈጣሪው ከቆመ በኋላም ለደቂቃዎች አይጠፋም። በሰሌዳውና በሞገድ ሰባሪው መካከል ያለው 16 ሜትር ውኃ እንደ ገበቴ ውኃ ወዲያና ወዲህ የሚዋልልበት የራሱ ፔሪየድ ነው፤ በሜሪያን ቀመር ሲሰላ 16.2 ሰከንድ ይመጣል። ሰሌዳችን ተመላሹን ሞገድ የሚውጥ የቁጥጥር ሥርዓት ስለሌለው ዋላዩን ማጥፋት አልቻልኩም፤ በሙከራዎች መካከል 15 ደቂቃ መጠበቅና በትንታኔው ጊዜ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን መቁረጥ ግን ይቻላል። ለመደምሰስ ከመሞከር ይልቅ አውቆ መጻፉን መረጥኩ።

ሳምንት 12

ሥራ ማመልከት ጀመርኩ። ለማመልከቻ በቀን አንድ ሰዓት መድቤያለሁ፤ ከዚያ በላይ ቦዩ አይፈቅድም።

በዚህ ሙያ ለማስተርስ ተመራቂ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ሳነብ በአራት ይመደባሉ። ወደብና ሞገድ ሰባሪ የሚነድፉ አማካሪ ድርጅቶች፣ ባሕር የሚጠርጉና መሬት የሚሞሉ ሥራ ተቋራጮች፣ በባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን መሠረት የሚሠሩ ኩባንያዎች፣ እንዲሁም የመንግሥት የባሕር ዳርቻ መሥሪያ ቤቶችና የሃይድሮሊክ ላቦራቶሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት የቁጥር ሞዴል፣ ማለትም ሞገድን በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም፣ ነው፤ በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ስዋን በሁሉም ቦታ ይጠቀሳል፣ ኤክስቢችና ኦፕንፎምም ይከተላሉ። ፓይተን ሳይጠይቅ የቀረ ማስታወቂያ አላየሁም። ፊዚካል ሞዴል የሚለው ቃል የተገኘው ከ23 ማስታወቂያዎች በሦስቱ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሳይ ሰባት ሳምንት ድንጋይ በመመዘን ያሳለፍኩ መሰለኝና ለአንድ ምሽት ተከፋሁ።

በዚሁ ሳምንት አንድ ዕድል በራሴ ጥፋት አመለጠኝ። እ.ኤ.አ. ከ1950 የሎንግ ቢች ስብሰባ ጀምሮ በየጊዜው የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ምህንድስና ጉባኤ የአጭር መግለጫ መቀበያው ቀን ያለፈው የነጸብራቅ መጠኑ ከ1 በላይ በነበረበት ሳምንት ነው። አማካሪዬ አስታውሰውኝ ነበር።

ሳምንት 13 እስከ 15

ዋናዎቹ ሙከራዎች። አንድ ሙከራ የጆንስዋፕ ስፔክትረም ያላቸው፣ ማለትም እንደ እውነተኛ ባሕር ከፍታቸውና ፔሪየዳቸው የተለያየ፣ 1000 ሞገዶች ናቸው፤ አማካይ ፔሪየዳቸው ከ1.58 ሰከንድ ስለሚያንስ በቦዩ ውስጥ 22 ደቂቃ፣ በባሕሩ ላይ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ውኃው በቀስታ ይፈሳል፤ በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት የሌዘር መለኪያ ተዳፋቱን በ11 መስመሮች ይስላል፤ የተሸረሸረው ስፋት በድንጋዩ ልኬት ካሬ ሲካፈል የጉዳቱ ቁጥር ይገኛል። 2 ማለት ጉዳቱ ጀምሯል፣ 8 ማለት ደግሞ የታችኛው ንብርብር ተጋልጧል ማለት ነው። ቫን ደር ሚር እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ቀመር ለእኔ ሞገድና ድንጋይ 2.8 ይተነብያል። ተዳፋቱን አፍርሶ እንደገና ለመሥራት አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድግግሞሾች 2.1፣ 3.9 እና 2.7 ሰጡ። ተመሳሳይ ሞገድ፣ ተመሳሳይ ድንጋይ፣ ተመሳሳይ እጅ። 3.9ን ሳይ ደረደርኩት በምለው ንብርብር ውስጥ ልቅ ቦታ እንደነበረ ገምቼ ውጤቱን ልጥለው ፈልጌ ነበር። አማካሪዬ፣ «ለምን እንደምትጥለው ከሙከራው በፊት የተጻፈ ምክንያት አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም፤ ስለዚህ ቆየ። ቆይቼም የቀመሩ ዋና ቁጥር 6.2 ሲሆን መደበኛ ልዩነቱ 0.4 መሆኑን ተመለከትኩ። ይህ 6.5 በመቶ ነው፤ በአምስተኛ ኃይል ሲወሰድ በጉዳቱ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል መበታተን የተለመደ ነው ማለት ነው። 3.9 ስሕተት አልነበረም።

ከሞኒተሩ በታች የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ሦስተኛ መስመር ጨመርኩ።

ሳምንት 16

ከአንድ አማካሪ ድርጅት ጋር በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ አደረግኩ። ስለ ስዋን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። ቀጥሎ የነበሩት ሠላሳ ደቂቃዎች ግን፣ «ሞዴልህ የማያሳየው ነገር ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ዙሪያ አለቁ። ስለ ጨው ውኃው፣ ስለ እምብርቱ፣ ስለ ዋላዩና ስለ ቀለሙ ነገርኳቸው። ከዚያም ስለ ሲኒስ አነሳሁ። በፖርቱጋል የሚገኘው የሲኒስ ሞገድ ሰባሪ 42 ቶን በሚመዝኑ ዶሎስ በተባሉ የኮንክሪት ክፍሎች የተሸፈነ ሆኖ ሳለ በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. ማዕበል ፈርሷል፤ ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የክፍሎቹ መሰባበር ነው። በቦይ ውስጥ የሚሞከር ትንሽ ዶሎስ ግን ለመጠኑ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ስለሆነ አይሰበርም። የእኔም ድንጋዮች አይሰበሩም፤ እውነተኛ ድንጋይ ጠርዙ ይሰበራል፣ ይድቦለቦላል። ጠያቂዋ ማስታወሻ ሲጽፉ አየሁ። ፊዚካል ሞዴል በማስታወቂያው ላይ አልተጠቀሰም ነበር።

ሳምንት 17

ተከታታይ ማዕበሎችን ጀመርኩ፦ 6፣ 8፣ ከዚያ 10 ሴንቲሜትር። ከሦስት ድግግሞሽ በኋላ የመጨረሻው ጉዳት 2.4፣ 3.3 እና 2.6 ሆነ። አዲስ ተዳፋት ላይ ካገኘሁት 2.1፣ 3.9 እና 2.7 የሚለየው ነገር የለም።

ማታ እርሳስ ይዤ ያሰላሁት ስሌት በሳምንት 1 መሰላት የነበረበት ነው። ጉዳቱ በአምስተኛ ኃይል የሚሄድ ከሆነ የሞገዱ ቅጥነት (ከፍታው ለርዝመቱ ሲካፈል) ሳይለወጥ የ8 ሴንቲሜትር ማዕበል ጉዳት የ10 ሴንቲሜትሩን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ የ6 ሴንቲሜትሩ ደግሞ አንድ አሥራ ሦስተኛ ያህል ነው። የምፈልገው ልዩነት ከመበታተኑ በታች የተቀበረ ነው፤ በሦስት ድግግሞሽ ይቅርና በአሥርም ላይታይ ይችላል። የመመረቂያዬ ጥያቄ ባለኝ ቦይና ባለኝ ጊዜ መልስ ሊያገኝ የሚችል አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። አምስተኛው ኃይል ስንት ጊዜ እንደመታኝ እያወቅኩ በራሴ ጥያቄ ላይ አለማሰላቴ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሳምንት 18

አማካሪዬ ጋ ስሌቱን ይዤ ገባሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው፣ «እንግዲህ መለካት የምትችለውን ጠይቅ» አሉ። አዲሱ ጥያቄ፦ ያው የ10 ሴንቲሜትር ማዕበል ሳይጠገን በላይ በላዩ ሦስት ጊዜ ቢመጣ ጉዳቱ እንዴት ይከማቻል? በቀመሩ መሠረት ጉዳት ከሞገዶች ቁጥር ካሬ ሥር ጋር ያድጋል፤ ከ1000፣ ከ2000 እና ከ3000 ሞገዶች በኋላ 2.8፣ 3.9 እና 4.8 ይጠበቃል። ይህ ልዩነት ከመበታተኑ በላይ ስለሆነ ሊታይ ይችላል። የጉዳት መከማቸትን ሜልቢና ኮባያሺ በ1998 እ.ኤ.አ. በሰፊው አጥንተውታል፤ ስለዚህ የማወዳድረው ነገር አለኝ።

ሳምንት 19 እስከ 21

አራት ሙሉ ድግግሞሽ፣ አራት ጊዜ ማፍረስና መሥራት። አማካዩ 2.9፣ 3.8 እና 4.5 ሆነ። የመጨረሻው ከቀመሩ ትንሽ ያንሳል፤ በመስታወቱ በኩል የማየው ነገር ምክንያቱን ሊጠቁም ይችላል፤ በውኃው መስመር አካባቢ የነበሩት ልቅ ድንጋዮች በመጀመሪያው ማዕበል ተንከባልለው ከወረዱ በኋላ የቀሩት ጥርስ በጥርስ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ግን አራት ድግግሞሽ ነው። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ «ያመለክታል» ብዬ ጻፍኩ እንጂ «ያረጋግጣል» አላልኩም።

በሁለተኛው ድግግሞሽ ቀን የክፍሉ ማሞቂያ ተበላሽቶ የውኃው ሙቀት በ4 ዲግሪ ወረደ። በሳምንት 4 ቢሆን ኖሮ ሙከራው ይበላሽ ነበር፤ አሁን ካሊብሬሽኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ወሰደ።

ሳምንት 22

ሁለት መልስ መጣ። አማካሪ ድርጅቱ ሥራ ሰጠኝ፤ አንድ ላቦራቶሪ ደግሞ የዶክትሬት ቦታ እንዳለው አሳወቀኝ። የዶክትሬቱ ርዕስ የስኬል ተጽዕኖ ሲሆን በትልቅ ቦይ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ በዴልፍት ያለው የዴልታ ቦይ 300 ሜትር፣ በሃኖቨር ያለው ደግሞ 307 ሜትር ይረዝማል፤ በእነዚያ ውስጥ የእምብርቱ ችግር ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ያጓጓል። ሆኖም እስካሁን እውነተኛ ሞገድ ሰባሪ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ 5 ቶን ድንጋይ በክሬን ሲቀመጥ ሳላይ ስለ 74 ግራም ድንጋይ ለተጨማሪ አራት ዓመት መጻፍ አልፈለግኩም። ሥራውን ተቀበልኩ። የዶክትሬት ተማሪው ጓደኛዬ በውሳኔዬ አልተስማማም፤ እሱ ትልቁን ቦይ ለማየት ግማሽ ዕድሜውን ይሰጣል።

ሳምንት 24

ተዳፋቱን ለመጨረሻ ጊዜ አፈረስኩ። ድንጋዮቹን ቆጠርኩ፤ 1391 ናቸው፤ ዘጠኙ የት እንደገቡ አላውቅም። በርሜሎቹ ላይ ክልሉን፣ እፍግታውንና «ለቧንቧ ውኃ የታረመ» የሚለውን ጻፍኩ። መለኪያዎቹን ለሚቀጥለው ተማሪ አስረከብኩ፤ ከእነሱም ጋር የካሊብሬሽን ደብተሩን፣ ኮዱንና መልሱ የሚታወቀውን ሰው ሠራሽ ምልክት። በሐዲዱ ላይ ባሉት የ1.40 ሜትር ቀዳዳዎች አጠገብ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ የሞገድ ርዝመትህን አስቀድመህ አስላ ብዬ ጽፌበታለሁ። ሦስተኛው መለኪያ ሽቦው ከታች በኩል ትንሽ ተጣሟል፤ ከውኃው ወለል 8 ሴንቲሜትር በታች ንባቡ እንዳይታመን በእጀታው ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።